ለቤቴ ንድፍ የትኛውን የካድ ሶፍትዌር ልምረጥ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከአራት ኪሎ እስከ ሜክሲኮ፣ ቤቱን ለማደስ ወይም ቁም ሳጥን ለማሠራት ያሰበ ወዳጅ ሁሉ የሚጠይቀኝን እዚህ ሰብስቤዋለሁ፤ ከቀላሉ ጀምሬ ወደ ከባዱ።

ካድ ምንድን ነው? ከተራ የስዕል ፕሮግራም በምን ይለያል?

ካድ በኮምፒውተር የሚሠራ፣ ልኬት ያለው ንድፍ ነው። በተራ የስዕል ፕሮግራም ላይ የምትስሉት መስመር ቀለም ብቻ ነው። በካድ ግን መስመሩ 3 ሜትር ከ20 ነው ካላችሁ 3 ሜትር ከ20 ነው። ስትለኩትም፣ ስታትሙትም፣ ለሌላ ሰው ስትልኩትም አይለወጥም።

ሁለት ዓይነት ሥራ አለ። ቱዲ የሚባለው ጠፍጣፋ ንድፍ ነው፤ ከላይ የሚታይ የቤት ፕላን፣ የበርና የመስኮት ንድፍ። ስሪዲ የሚባለው ደግሞ ከፍታም ጥልቀትም ያለው፣ እያዟዟራችሁ የምታዩት ነው። የብዙ ሰው ችግር በቱዲ ይፈታል፤ ግን ሁሉም መጀመሪያ የሚጠይቀው ስሪዲውን ነው።

ለአንድ ቁም ሳጥን ብዬ ኮምፒውተር ልክፈት? በወረቀት አይበቃም?

ለአንድ መደርደሪያ ይበቃል። የካሬ ደብተር፣ እርሳስና ሜትር ይዛችሁ ጨርሱት።

ካድ የሚጠቅመው ሐሳባችሁ ገና ሲለዋወጥ ነው። ፍሪጁ እዚህ ይሁን ወይስ እዚያ? አልጋው ባለ 1 ሜትር ከ50 ቢሆን የቁም ሳጥኑ በር ይከፈታል? በወረቀት እያንዳንዱን እንደ አዲስ ትስላላችሁ። በኮምፒውተር ትጎትቱታላችሁ። ጠባብ የስቱዲዮ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የምትኖሩ ከሆነ 10 ሳንቲ ሜትር ትልቅ ነገር መሆኑን ታውቃላችሁ።

ዝም ብለህ አንዱን ንገረኝ። የትኛውን ላውርድ?

የክፍል አቀማመጥና የዕቃ ቦታ ለማየት ከሆነ ስዊት ሆም ስሪዲን አውርዱ። ነጻ ነው። ግድግዳውን ከላይ እንደ ፕላን ትስላላችሁ፤ ከታች ያለው መስኮት ስሪዲውን ወዲያው ያሳያችኋል። የኮንዶሚኒየማችሁ ፕላን በወረቀት ካለ በስልክ ፎቶ አንስታችሁ ከሥር ማንጠፍ ትችላላችሁ። ርዝመቱን የምታውቁትን አንድ ግድግዳ ታሳዩታላችሁ፤ ሌላውን በዚያ ልክ ያስተካክለዋል። በጣም የምወደው ደግሞ ፀሐዩን ነው። የአዲስ አበባን ቦታ፣ ማለትም ኬክሮስ 9 ዲግሪ ሰሜንና ኬንትሮስ 38.7 ዲግሪ ምሥራቅ፣ ስትሰጡት ጠዋት በየትኛው መስኮት ብርሃን እንደሚገባ ያሳያችኋል። ሰዓቱን ስታስገቡ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑን አትርሱ፤ የጠዋቱ 3 ሰዓት እዚያ 9 ነው።

ለአናጺ፣ ለብረት ሠራተኛ ወይም ለግንበኛ የሚሰጥ ትክክለኛ የቱዲ ንድፍ ከሆነ ሊብሬካድ ወይም ኪውካድ ነው። ሊብሬካድ ከኪውካድ ነጻ እትም ተነሥቶ ያደገ ስለሆነ ሁለቱ ይመሳሰላሉ። አንዱን ያወቀ ሌላውን በአንድ ቀን ይለምደዋል።

ክፍሎቹ እርስ በርስ የሚገጣጠሙ ነገር፣ ለምሳሌ የኪችን ካቢኔት ወይም የሚታጠፍ ጠረጴዛ ከሆነ ፍሪካድን ምረጡ። ፍሪካድ ልኬትን ያስታውሳል። የካቢኔቱን ስፋት ከ60 ወደ 55 ስትቀይሩ መደርደሪያውም፣ በሩም፣ ጀርባውም አብሮ ይቀየራል፤ እርግጥ ቀድማችሁ አያይዛችሁት ከሆነ ነው። ፕሮጀክቱ ከ20 ዓመት በላይ ተለፍቶበት ስሪት 1.0 የወጣው በኅዳር 2017 ነው። ከዚያ በፊት ሞክራችሁት ተስፋ የቆረጣችሁ ካላችሁ አሁን ደግማችሁ እዩት።

«ኦቶካድ ካልሆነ ዋጋ የለውም» ይባላል። እውነት ነው?

ለሥራ መቀጠር ለሚፈልግ ሰው ኦቶካድ ማወቅ ይጠቅማል። በ1982 በፈረንጆቹ ወጥቶ እስካሁን ቢሮውን የያዘ ፕሮግራም ነው። አምስት ኪሎም ልደታ ሕንፃ ኮሌጅም የተማረ ሰው አብሮት ያደገ ነው። ታዲያ ምክር ስትጠይቁት የሚያውቀውን ይነግራችኋል።

የእናንተ ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ለቤታችሁ ነው የምትስሉት። ሙሉው ኦቶካድ በዓመት 2,000 ዶላር አካባቢ የሆነ ኪራይ አለው፤ ከ2016 በፈረንጆቹ ጀምሮ አንዴ ገዝቶ ለዘላለም መያዝ ቀርቷል። ለሦስት ክፍል ቤት ይህን የሚያህል ነገር አያስፈልጋችሁም። መጀመሪያ ራሳችሁን መጠየቅ ያለባችሁ «ንድፉን ተቀብሎ የሚሠራበት ማን ነው?» ብላችሁ ነው። አናጺው ልኬት የተጻፈበት ወረቀት ይፈልጋል። በየትኛው ፕሮግራም እንደተሳለ ጠይቆ አያውቅም።

ነጻ የሚባሉት እውነት ነጻ ናቸው? በኋላ ክፍያ አይመጣም?

«ነጻ» የሚለው ቃል አራት የተለያየ ነገር ይሸፍናል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አንደኛው ሙሉ በሙሉ ነጻ የሆነው ነው፤ ፍሪካድ፣ ሊብሬካድ፣ ስዊት ሆም ስሪዲ። የተጻፉበት ኮድ ለማንም ክፍት ስለሆነ ነገ ማንም ተነሥቶ ሊዘጋባችሁ አይችልም። ለገቢ ሥራም ብትጠቀሙበት አይከለክልም። ሁለተኛው ለግል ሥራ ብቻ የተፈቀደው ነው። ፊውዥን የሚባለው የስሪዲ ካድ ለዚህ ምሳሌ ነው። በዓመት ከ1,000 ዶላር በታች ለሚያገኝ ሰው ነጻ ነው፤ በአንድ ጊዜ አርትዖት የምታደርጉባቸው ፋይሎችም 10 ብቻ ናቸው። ሦስተኛው በኢንተርኔት ብቻ የሚሠራው ነው፤ ስኬችአፕና ኦንሼፕ የሚባሉት የስሪዲ ፕሮግራሞች ነጻ እትሞች ከዚህ ይመደባሉ። አራተኛው ለተማሪ የሚሰጠው ነው። የኦቶካድ ባለቤት ኦቶዴስክ ለተማሪ የአንድ ዓመት ፈቃድ ይሰጣል፤ ትምህርት ላይ እስካሉ ይታደሳል፤ ግን ለመማሪያ ብቻ ነው።

ኦንሼፕን በተመለከተ አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። በነጻው እትም የምትሠሩት ሁሉ ለማንም ክፍት ነው። የቤታችሁን በርና መስኮት አቀማመጥ እዚያ ላይ ባትስሉ እመርጣለሁ።

ክፍያው በኋላ ሲመጣም አይተናል። ድራፍትሳይት የሚባለው የቱዲ ካድ ለዓመታት ነጻ ነበር። ነጻው እትም በ2019 መጨረሻ በፈረንጆቹ መሥራት አቆመ። ስኬችአፕም በኮምፒውተር የሚጫን ነጻ እትሙን በ2017 በፈረንጆቹ ላይ አብቅቶ ወደ ኢንተርኔት ገባ። ስለዚህ እኔ ለቤት ሰው ሁልጊዜ የመጀመሪያውን ዓይነት ነው የምመክረው።

ጓደኛዬ ክራክ የተደረገ (ሳይከፈልበት እንዲሠራ ቁልፉ የተሰበረ) ኦቶካድ በፍላሽ ሊጭንልኝ ነው። ምን ችግር አለው?

በሕግ ካየነው የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን እንደ መጽሐፍና እንደ ሙዚቃ የፈጠራ ሥራ አድርጎ ይጠብቀዋል። ይህ አንዱ ነው።

ሁለተኛው እኔው ላይ የደረሰው ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ኮምፒውተር ቤት ወስጄ አስጫንኩ። ሠራተኛው መጀመሪያ ያደረገው ፀረ ቫይረሱን ማጥፋት ነበር፤ ክራኩ ካለዚያ አይሠራም። ከሳምንታት በኋላ ፍላሽ በሰካሁ ቁጥር ፋይሎቼ ወደ ሾርትከት ይቀየሩ ጀመር። በመጨረሻ ኮምፒውተሩ ፎርማት ተደረገ። የእናቴ የ60 ዓመት ልደት ፎቶዎች አብረው ሄዱ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በፍላሽ መቀባበል የለመድነው ነገር ነው፤ ኢንተርኔት ውድ በሆነበት አገር ተገቢም ነው። ደስ የሚለው፣ ፍሪካድንና ሊብሬካድን በፍላሽ ለጎረቤት መስጠት ሙሉ በሙሉ ሕጋዊ ነው። አንዱ ከራሱ ከፕሮጀክቱ ገጽ ያውርድ፤ ሌላው ይቅዳ።

ያለኝ አሮጌ ላፕቶፕ ነው። ይችላል?

ለሊብሬካድና ለኪውካድ አዎ። 2 ጂቢ ራም ባለው ማሽን ላይ ሊብሬካድ ሲሠራ አይቻለሁ። ስዊት ሆም ስሪዲም ቤቱ በዕቃ እስኪሞላ ድረስ ቀላል ነው። ለፍሪካድ 8 ጂቢ ራም ቢኖር ይመረጣል። ያገለገለ ላፕቶፕ ልትገዙ ከሆነ ለተጨማሪ ራምና ለኤስኤስዲ (ፈጣን ማከማቻ) አውጡ፤ ለቤት ንድፍ ውድ ግራፊክስ ካርድ አያስፈልግም። ባለ ጎማ ማውስም ግዙ። በላፕቶፑ መዳሰሻ ካድ መሥራት ጣት ያደክማል።

በስልክ አይሠራም?

ለማየት ይሠራል። ለመሳል ግን አልመክርም። በጣት ነካ ተደርጎ የተሳለ መስመር ልኬቱ ያታልላል።

መብራት ሲጠፋ ወይም ኢንተርኔት ሲቋረጥ ሥራዬ ይጠፋል?

በኢንተርኔት ብቻ የሚሠሩትን ከመረጣችሁ ሥራችሁ ይቆማል። ፊውዥንም ፋይላችሁን የሚያስቀምጠው ሩቅ ያለ ሰርቨር ላይ ነው፤ ለተወሰነ ጊዜ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል እንጂ ለዘለቄታው አይደለም። ፍሪካድን፣ ሊብሬካድንና ስዊት ሆምን ግን አንዴ ካወረዳችሁ በኋላ ኢንተርኔት አይጠይቁም። ሊብሬካድ ትንሽ ፋይል ነው፤ ፍሪካድ በመቶዎች ሜጋ ባይት ስለሚሆን በሌሊት ጥቅል አውርዱት።

የምትሠሩት በዴስክቶፕ ከሆነ ፕሮግራሙ በራሱ የሚያስቀምጥበትን ጊዜ ወደ 5 ደቂቃ ዝቅ አድርጉ። ፍሪካድ የቀድሞውን ፋይል መጠባበቂያም አድርጎ ያስቀምጣል። እኔ ግን አንድ ግድግዳ በጨረስኩ ቁጥር ሴቭ ማድረግ ልማድ አድርጌዋለሁ።

ትንሽ ብከፍል የሚሻል ነገር አገኛለሁ? ከዚህስ እንዴት ይከፈላል?

ብትከፍሉ ኪውካድ ፕሮፌሽናልን እመክራለሁ። 40 ዩሮ አካባቢ ነው። ኪራይ አይደለም፤ የገዛችሁት የእናንተ ነው። ትልቁ ጥቅሙ የኦቶካድን ፋይል መክፈትና ማስቀመጥ መቻሉ ነው። ስታወርዱት መጀመሪያ የሚጫነው የዚህ የሚከፈልበት እትም ሙከራ ስለሆነ በየ15 ደቂቃው ይዘጋል። ብዙ ሰው «ነጻ አይደለም» ብሎ ያጠፋዋል። የፕሮፌሽናሉን ተጨማሪ ፋይሎች ስታስወግዱ ነጻው እትም ይቀራል፤ አሠራሩ እዚያው ገጹ ላይ ተጽፏል። የስኬችአፕ ዝቅተኛው ክፍያ በዓመት ከ100 ዶላር በላይ ነው፤ ቀለል ያለው ኦቶካድ ኤልቲ ደግሞ 500 ዶላር አካባቢ ነው።

የሚያስቸግረው ክፍያው ነው። የተለመደው የብር ካርድ የውጭ ገጽ ላይ አይሠራም። የውጭ ምንዛሪ ካርድ ያለው ሰው ወይም ውጭ ያለ ዘመድ ያስፈልጋል። ብር ሐምሌ 22 ቀን 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ከ57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ከ100 በላይ ሆኗል። በየዓመቱ ዶላር የሚጠይቅ ነገር ውስጥ ለመግባት ሁለቴ አስቡ። አንዴ የሚከፈል 40 ዩሮ ግን ዘመድን ለማስቸገር የሚያሳፍር ገንዘብ አይደለም።

የኮንዶሚኒየሙ ፕላን ላይ ያለውን ልኬት ብጠቀም ይበቃል?

አይበቃም። ይህን ጥያቄ ከሁሉም በላይ አክብሬ ነው የምመልሰው። እኔ ለኪችን ካቢኔት ፕላኑ ላይ ያለውን አምኜ ሳልኩ። ንድፉ የሚያምር ነበር። ካቢኔቱ ተሠርቶ ሲመጣ 4 ሳንቲ ሜትር ተረፈ፤ አልገባም። ፕላኑ ላይ ያለው የብሎኬት ልኬት ነው። ከዚያ በኋላ በሁለቱም በኩል ልስን ይመጣል፤ ኪችን ውስጥ ደግሞ በላዩ ሴራሚክ ይለጠፋል። የትኛውም ሶፍትዌር ከዚህ ስሕተት አያድናችሁም።

ስለዚህ በሜትር ራሳችሁ ለኩ፤ ከተለሰነ ግድግዳ እስከ ተለሰነ ግድግዳ። አንድን ስፋት ሦስት ቦታ ለኩት፦ ከወለሉ አጠገብ፣ በወገብ ልክ፣ ከላይ። ሦስቱ እኩል አይመጡም። ለሚገጠም ዕቃ ትንሹን ያዙ። ማዕዘኑ ቀጥ ያለ መሆኑንም እዩ። ከማዕዘኑ በአንዱ ግድግዳ 60፣ በሌላው 80 ሳንቲ ሜትር ምልክት አድርጉ። በምልክቶቹ መካከል ያለው ልክ 100 ከሆነ ማዕዘኑ ደህና ነው። 98 ወይም 102 ከሆነ ንድፋችሁ ላይም እንደዚያው አጣማችሁ ሳሉት። ሶኬቱን፣ የውሃ መስመሩንና የመስኮቱን ደፍ ከወለል ያለውን ከፍታ አትርሱ። ይህ ሁሉ አንድ ከሰዓት በኋላ ይወስዳል፤ እኔ ያን ጊዜ ቆጥቤ የከፈልኩት ሙሉ ካቢኔት እንደገና ማሠራት ነው።

አርክቴክቱ የላከልኝ ፋይል አይከፈትም። ወይም ይከፈትና ልኬቱ የማይሆን ነው። ለምን?

የላከው ምናልባት ዲደብልዩጂ (DWG) ነው። ይህ የኦቶካድ የራሱ ፎርማት ነው፤ ስሪቱም ሲቀያየር ኖሯል። ሊብሬካድ የሚያነበው በከፊል ነው፤ ሲያስቀምጥ ደግሞ ዲኤክስኤፍ (DXF) በሚባለው፣ ብዙ የካድ ፕሮግራሞች በሚያነቡት ፎርማት ብቻ ነው። ፍሪካድ ለዚህ ረዳት ፕሮግራም ይፈልጋል። ቀላሉ መፍትሔ ስልክ ደውሎ «በዲኤክስኤፍ፣ በ2010 ስሪት አድርገህ ላክልኝ፤ ፒዲኤፉንም ጨምርልኝ» ማለት ነው። ለእሱ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። የማይመች ከሆነ ኦፕን ዲዛይን አሊያንስ የሚባለው ድርጅት ነጻ መቀየሪያ አለ፤ ዲደብልዩጂውን ወደ ዲኤክስኤፍ ይቀይረዋል።

ልኬቱ ከተበላሸ መለኪያ አሃዱን ጠርጥሩ። አንዱ በሜትር ይስላል፤ ሌላው በሚሊ ሜትር። ፋይሉን ስትከፍቱ መጀመሪያ አንድ በር ለኩ። 0.9 ካለ በሜትር ነው፤ 90 ካለ በሳንቲ ሜትር፤ 900 ካለ በሚሊ ሜትር። ከዚያ በኋላ ነው መሥራት የሚጀመረው።

አትሜ ለአናጺው ስሰጠው ልኬቱ አልመጣም። የት ተሳሳትኩ?

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ማተሚያው ላይ ነው። «ከወረቀቱ ጋር አመጣጥን» የሚለው ምርጫ በርቶ ከሆነ ስኬሉን ያበላሸዋል። 100 በመቶ በሚለው ይታተም። በ1:50 ስኬል በወረቀቱ ላይ ያለ 1 ሳንቲ ሜትር በቤቱ 50 ሳንቲ ሜትር ነው። አንድ ኤ4 ወረቀት በዚህ ስኬል 14 ሜትር ከ85 በ10 ሜትር ከ50 ይይዛል፤ ጠርዙ ሲቀነስም ለአብዛኛው ኮንዶሚኒየም በቂ ነው። ለካቢኔት ግን 1:20 በኤ3 ይሻላል።

እኔ ሁልጊዜ ንድፉ ጥግ ላይ የ5 ሜትር መስመር እስላለሁ። በ1:50 ሲታተም በማስመሪያ 10 ሳንቲ ሜትር መምጣት አለበት። ካልመጣ ከማተሚያ ቤቱ ሳልወጣ አስደግማለሁ። ቁጥሩንም በወረቀቱ ላይ በግልጽ ጻፉ። አናጺው በማስመሪያ እየለካ እንዲገምት አታድርጉት። ኤምዲኤፍ የሚገዛላችሁ ከሆነ አንዱ ጣውላ 122 በ244 ሳንቲ ሜትር መሆኑን አስባችሁ ቁርጥራጮቹን ደርድሩለት፤ ለመጋዙ ስፋትም ጥቂት ሚሊ ሜትር ተዉ።

ንድፉ ላይ በአማርኛ መጻፍ ይቻላል? አራት ማዕዘን ብቻ ነው የሚመጣልኝ።

ይቻላል፤ ችግሩ ፎንቱ ነው። የድሮ የካድ ፎንቶች የግዕዝ ፊደል የላቸውም። ዊንዶውስ ላይ ያሉትን ኒያላን ወይም ኢብሪማን፣ ወይም በነጻ የሚወርደውን አቢሲኒካ ኤስአይኤልን ምረጡ። ኪውካድና ፍሪካድ እነዚህን ይቀበላሉ። ሊብሬካድ የራሱን ዓይነት የፎንት ፋይል ስለሚጠቀም በቀጥታ አይቀበላቸውም፤ አማርኛ የግድ ከሆነ ኪውካድን ያዙ። ፋይሉን ለሌላ ሰው ስትልኩ ፒዲኤፍ አድርጉት። እሱ ጋ ፎንቱ ባይኖርም ጽሑፉ ይታያል። ግንበኛው «መኝታ ቤት» የሚለውን አንብቦ መሥራቱ ትልቅ ነገር ነው።

በራሴ ንድፍ የግንባታ ፈቃድ ማውጣት እችላለሁ? የውስጥ ግድግዳስ ማፍረስ?

ለፈቃድ የሚቀርብ ንድፍ በተመዘገበ ባለሙያ ተዘጋጅቶ መፈረም አለበት። የእናንተ ንድፍ እዚያ ቦታ የለውም። ጥቅሙ ለባለሙያው ፍላጎታችሁን ማስረዳቱ ላይ ነው። «ሰፊ ሳሎን» ከምትሉት 4 ሜትር በ5 ሜትር ከ50 የሆነ ሳሎን ስላችሁ ብታሳዩት ይሻላል።

ግድግዳ ላይ ግን አደራ። ኮምፒውተር ላይ መስመር ማጥፋት ቀላል ነው። ያ መስመር ሕንፃውን የተሸከመ ኮለን (ቋሚ ምሰሶ) ወይም ቢም (አግዳሚ ተሸካሚ) ሊሆን ይችላል፤ ፎቅ ቤት ውስጥ ደግሞ ከላይም ከታችም ሰው አለ። ክፍሉን የሚከፍል ተራ የብሎኬት ግድግዳ ቢመስላችሁም ውስጡ የመብራት ወይም የውሃ መስመር ሊኖር ይችላል። ማፍረስ የምትፈልጉትን በቀይ ምልክት አድርጋችሁ አትሙ፤ መሐንዲስ ቤቱ ድረስ ጠርታችሁ አሳዩ፤ በኮንዶሚኒየም ከሆናችሁ ማኅበሩንና ወረዳውን ጠይቁ። እነሱ እሺ እስኪሉ ድረስ መዶሻ አታንሡ።